ኮምፒዩተሩ ያልተቀበለው አባት

የልጅ ልጄ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትመዘገብ የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቀች። የድሮው የቀበሌ ደብዳቤ አይሠራም፣ በኮምፒዩተር የወጣው ነው የሚፈለገው አሏት። እስከ ዓርብ ካላመጣች ስሟ ከትምህርት ቤቱ ዝርዝር ጋር አይላክም፤ ስሟ ካልተላከ ዘንድሮ አትፈተንም። ይህን የነገረችኝ እሑድ ከቸርች ስንመለስ፣ መንደራችን ላንቴ፣ መንገድ ዳር ባጃጅ ስንጠብቅ ነው።

"ቀላል ነገር ነው፤ ነገ ሄደን እናወጣለን" አልኳት።

ቀላል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ያልጠየቀኝን ነገር ኮምፒዩተር ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም።

እዚህ የልጅ ልጄ እላታለሁ እንጂ በወረቀት ላይ ልጄ ናት። የወለደቻት ልጄ አሥረኛ ክፍል እያለች ነው። አባት ነኝ የሚል ሰው አልመጣም። ሕፃኗ ጡት ስትተው ልጄን ጨንቻ ላለ ሸማኔ ዳርኳት፤ መውለዷን አልነገርነውም። ሕፃኗ እኔ ዘንድ ቀረች። አፏን ስትፈታ እኔን እማዬ አለች፣ ለዓመት በዓል ከደጋ የምትወርደውን እናቷን ደግሞ እህቴ አለች። እኔም አላረምኳትም። አንደኛ ክፍል ላስገባት ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው "እናት?" አለኝ፤ የራሴን ስም ነገርኩት። "አባት?" አለኝ፤ የባሌን ስም ነገርኩት። ጻፈ፣ ማህተም መታ፣ ሰጠኝ። ባሌ ከሞተ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። ያ ጸሐፊ ቀብሩ ላይ አፈር ከመለሱት ሰዎች አንዱ ነው። ቀና ብሎም አላየኝም። ወረቀትም አልተናገረም።

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ይስቁ ይሆናል። እኛ ዘንድ የመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚገባው፤ ከተራው ውጭ ውሃውን ወደ ራሱ ሙዝ የጠለፈ ሰው ሁሉ እኔን አይወደኝም። አንድ ጊዜ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይዞኝ፣ የውሃ ኮሚቴው መጥቶ እስኪያይ ከቦዩ አልወጣም ብዬ ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ተራው የእኔ እንኳ አልነበረም፤ የጎረቤቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ሐሰት ለመለየት ግን ትምህርት አያስፈልግም እል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችን ከተማ ወደሚገኘው የምዝገባ ክፍል ሄድን። ሰው እዚያ ሄዶ "ሲስተም የለም" ተብሎ መመለስ ለምዷል። በዚያ ቀን ሲስተም ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የተቀጠረ ነው፤ አማርኛው የሰሜን ሰው አማርኛ ነው፣ ፈጣን። የጠየቀኝን መለስኩለት፤ ጻፈ። ከዚያ አንድ ነገር ተጫነ፣ ቆየ፣ እንደገና ተጫነ።

"ማዘር፣ አልቀበልም እያለ ነው።"

"ምን ጎድሎ?"

"የጎደለ ነገር የለም። አባት ብለው የነገሩኝ ሰው ሞታቸው እዚህ ተመዝግቧል። ልጅቷ የተወለደችው እሳቸው ከሞቱ ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ ነው።"

ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ከኋላዬ ሰልፍ የያዘ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሟቹ ብርቱ ሰው ነበሩ ማለት ነው" አለ።

ሰልፉ ሳቀ።

"አንተ ቆመህ እየሄድክ ያቃተህን ነገር ነዋ" አልኩት። ሳቁ ባሰ።

"አትቆጪ እቴ" አለኝ፣ እሱም እየሳቀ። "ድሮ ቢሆን ነውር የለውም ነበር። ወንድሙ ይወርስሽና ልጁ የሟቹ ይባል ነበር። ኮምፒዩተር ባህል አያውቅም፣ ምን ይደረግ።"

እኔም ሳቅሁ። ጊዜ ለማግኘት ነው የሳቅሁት። ዞር ስል ልጅቷ አልሳቀችም። አንገቷን አስግጋ ኮምፒዩተሩ ላይ በቀይ የተጻፈውን ታነባለች።

ልጁ የተከፋሁ መስሎት ያስረዳኝ ጀመር። "ይህንን ሕግ ያስገባነው በቅርብ ነው፣ ማዘር። የድሮውን መዝገብ ወደዚህ ስንገለብጥ ጉድ ነው ያየነው። ሳይወለድ የሞተ ሰው አለ። ከአንድ እናት በአምስት ወር ልዩነት የተወለዱ ወንድማማቾች አሉ። በአራት ዓመቷ ያገባች አለች። ጸሐፊ ይደክመዋል፣ ይሳሳታል፣ ያዝናል። አሁን ሊሆን የማይችል ነገር ከተጻፈ ቀይ ያበራል፣ አላስቀምጥም ይላል።"

"ጥሩ ሕግ ነው" አልኩት።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ግን ጥሩ ሕግ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ እኔው አወጣው ነበር።

ልጁ ሰልፉን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። "የእርስዎ ነገር እኮ ይስተካከላል። የሞቱን መዝገብ ልክፈትና ዓመቱን ሦስት ዓመት ወደ ፊት ላምጣው። ሲገለበጥ የተሳሳተ ነው እንላለን። እንዲያ ከሆነ ይቀበላል።"

"ኮምፒዩተሩ ውሸት መሆኑን አያውቅም?"

"እሱ የሚይዘው የማይሆን ነገር ሲሆን ነው። የሚሆን ነገር ከሆነ ያሳልፋል። ለልጅቷ ብዬ ነው፣ ማዘር፤ ዓርብ ደረሰ።"

ደግ ልጅ ነው፤ ጉቦ አልጠየቀኝም። ግን የባሌ የሞቱ ቀን ለምን ኮምፒዩተር ውስጥ እንደገባ አያውቅም። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት መሬት ተለክቶ ካርታ ሲሰጥ፣ የባሌ ወንድም የሙዝ ማሳችን ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ወረቀት አወጣ። ባሌ በአውራ ጣቱ ፈርሞ የሰጠው ነው የሚል ወረቀት። ወረቀቱ የተጻፈበትን ቀን አየሁት፤ ባሌ ከተቀበረ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጥን። የእኛ ሽማግሌዎች ቤት ውስጥ ችግር ሲገባ፣ ከብት ሲሞት ወይም ዝናብ ሲቀር፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ምን ደበቀ ብለው ነው፤ ተደብቆ የሚቆየውን በደል ጎሜ ይሉታል፣ ካልተነገረ አይለቅም ይላሉ። እኔ የቸርች ሰው ነኝ፣ ጎሜ አልፈራም። ግን በዚያ ቀን ተነሥቼ፣ እሱን ዐይን ዐይኑን እያየሁ፣ "የደበቅኸውን ተናገር፤ የሞተ ሰው አይፈርምም" አልኩት። የእድሩን መዝገብ አመጣሁ፣ ምስክር አቆምኩ፣ ሞቱን በሕግ አስመዘገብኩ። ማሳው ለእኔ ጸና። ወንድምየው ያችን ወረቀት አልቀደዳትም። ይዟት ነው ያለው።

አሁን ሞቱ ሦስት ዓመት ወደ ፊት ቢመጣ የእሱ ወረቀት ትክክል ትሆናለች፤ ባሌ በሕይወት እያለ የፈረመው ይሆናል።

"ቀኑ አይነካም" አልኩት።

ልጅቷ ወጣች።

ግቢው ውስጥ፣ ሰዎች ፎቶ ኮፒ የሚያነሡበት ዳስ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ሲከፋት በጋሞኛ ነው የምትናገረው።

"ለሙዝ ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"ለሙዝ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው? አንድ ቁጥር ነች።"

የአጎቷን ወረቀት ነገር አስረዳኋት። አጎቷ ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ተያዘብኝ፤ የአያቷ ወንድም ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እሺ። ቀኑ አይነካ" አለች። "ጥሪያት።"

"ማንን?"

"በቃ፣ እማዬ። ጨንቻ ያለችውን እናቴን።"

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው አልኳት።

"አምስተኛ ክፍል እያለሁ። ውሃ ስንቀዳ ልጆች ተጣልተውኝ ነገሩኝ። ውሸታቸውን ነው ብዬ ልነግርሽ መጣሁ። አንቺ ደግሞ የዚያን ቀን አንድ ሰውዬ አስቁመሽ፣ እውነቱን ተናገር፣ እውነቱን ተናገር እያልሽ ትጮኺበታለሽ። ስታቆሚ እጠይቃታለሁ አልኩ። ከዚያ አንቺው ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?"

ተመልሼ ሰልፉን ይቅርታ ጠይቄ ልጁ ጋ ገባሁ። "የወለደቻት ራሷ ብትመጣስ?" አልኩት። አየኝ፣ ገባው፤ ደግነቱ ምንም አልተገረመም። እናትየዋ መታወቂያዋን ይዛ፣ ሁለት ምስክር ይዛ ከመጣች እንደ አዲስ ይመዘግባታል፤ የአባት ቦታ ባዶ ቢሆን ሲስተሙ አይከለክልም፤ የእናት ቦታ ግን ባዶ አይሆንም። አባት ካልተጻፈ ልጅቷ የእናቷን አባት ስም ትይዛለች።

"እሱማ የባሌ ስም ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ስሟ አይለወጥም። የትምህርት ቤቱም አይበላሽባትም" አለኝ።

ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ስልክ መደወል እንዳለብኝ ትዝ አለኝ።

ልጄ ስልኩን ያነሣችው ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ነው። ከኋላዋ የባሏ የሸማ ዕቃ ሲመታ ይሰማል። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። የባሏ ዕቃ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ።

"አንቺ ነሽ አትናገሪ ያልሽኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ልንገረው ብዬ ስለምንሽ፣ ከነገርሽው ትዳርሽን አፈርሰዋለሁ ብለሽ የማልሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"አሁን ደግሞ ተናገሪ።"

"እስከ ዓርብ ነው" አልኳት።

"አስብበታለሁ" ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ አልደወለችም። ረቡዕ ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። ልጅቷ በጠዋት ተነሥታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የፈተና መልመጃዋን ዘርግታ ትሠራለች። አታናግረኝም ማለት አይደለም፤ ውሃ ላምጣልሽ ወይ፣ ጨው አልቋል ትላለች። እማዬ ግን አትለኝም። ስሜን ሳትጠራ የምታልፍበት መንገድ ታበጃለች።

ይህን የምጽፈው ራሴን ላሳምር አይደለምና የረቡዕ ከሰዓቱንም እናገራለሁ። ነጠላዬን ለብሼ ለማንም ሳልናገር ከተማ ሄድኩ። ዓመቱን ቀይረው ልለው ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ምክንያት እደረድር ነበር፤ ወንድምየው አርጅቷል፣ ወረቀቷን አይጥ በልቷት ይሆናል፣ ማሳውም ነገ ለዚህችው ልጅ ነው። ስደርስ በሩ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ያ የሰኞው ሽማግሌም አለ።

"ዛሬ ሲስተም የለም፣ እቴ" አለኝ። "ዛሬ ሙታንም አይወልዱም።"

ተመለስኩ። ሲስተም ቢኖር ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አውቃለሁ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ልጄ መጣች። ከጨንቻው ሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ ቢሮው በር ላይ ነው የጠበቀችን። በፌስታል አፕል ይዛለች፤ እንግዳ ሆና እንደመጣች። ዐይኗ ቀልቷል። ልጅቷ ጨበጠቻት፣ አልሳመቻትም። እኔ ሁለት ምስክር ይዤ መጥቻለሁ፣ ወንድሜንና ያዋለደቻትን ጎረቤቴን።

"ነገርሽው?" አልኳት ለብቻችን ስንሆን።

"ማክሰኞ ነገርኩት። እስካሁን አላናገረኝም። ዛሬ ስወጣም ቀና አላለም፣ ሽመናውን ይሠራል።" አፕሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። "ቢጮህብኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።"

ልጁ ዛሬም እዚያው ነው። መታወቂያዋን ተቀበላት፣ ምስክሮቹን ጠየቀ፣ ጻፈ። የእናት ቦታ ላይ የልጄ ስም ገባ። የአባት ቦታ ባዶ ቀረ። ቀይ አልበራም።

"የልደት ቀን፣ መስከረም አንድ" አለ ልጁ ከድሮው ደብዳቤ እያነበበ።

ልጄ ቀና አለች። "ማን ነው መስከረም አንድ ያለው?"

እኔ ነኝ ያልኩት። ቀበሌው ቀን ሲጠይቀኝ፣ እኔ እናት ነኝ ብዬ ቀኑን አላስታውስም ማለት አፈርኩ፤ የዓመቱን መጀመሪያ ሰጠሁት።

"ግንቦት አሥራ ሰባት ነው" አለች ልጄ። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው፣ ለልጅቷ ነው። "ረቡዕ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት። ዝናብ ነበር፤ እሷ" ብላ ጎረቤቴን አመለከተች "ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶባት በባዶ እግሯ ነው የገባችው።"

ጎረቤቴ "እውነት ነው" አለች።

ልጅቷ ልጁን ጠየቀችው። "ይሄንን ለምን አልያዘውም? ሰኞ አባቴን የያዘው?"

"መስከረም አንድ መወለድ ይቻላላ" አለ። ትንሽ አፈረ። "የዚህ መዝገብ ግማሹ ሰው መስከረም አንድ ነው የተወለደው። እኔ ልቀይርልሽ እችላለሁ፣ እናትሽ እዚህ ናቸው። ግን ትምህርት ቤቱ የሚልከው ዝርዝር ላይ መስከረም አንድ ነው ያለሽ። ሁለቱ ይተያያሉ፤ አንድ ቀን ቢለያይ ይጥልሻል። ለማስተካከል ደግሞ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ከፍርድ ቤት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እስከ ነገ አይደርስም።"

ልጅቷ ስልኳን አወጣች፣ ግንቦት አሥራ ሰባት ብላ ጻፈች፣ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

"ተወው" አለችው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ተወው አልኩህ።"

ልጄ ጣቷን አነሣች፣ አሻራ ሰጠች። ምስክሮቹ ሰጡ። ልጁ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው፤ ሳይታተም ማሳየት ደንብ ነው አለን። አንዴ ከታተመ ለማስተካከል ረጅም መንገድ አለውና አንብቡ፣ ትክክል ያልሆነ ነገር ካለ አሁን ተናገሩ አለ። ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ልጅቷ ስክሪኑን አላየችም፤ እኔን ነው የምታየኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። ስሟን አነበብኩ፣ የእናቷን ስም አነበብኩ፣ ባዶውን ቦታ አየሁ፣ መስከረም አንድን አየሁ።

"ትክክል ነው" አልኩት።

አተመው።